ወራጅ አለ

ባሌ ጡረታ ወጣ፣ በመስከረም ማብቂያ፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ሉብሊያና–ኢድሪያ፣
ሄዶ መመለስ ነው፣ ሄዶ መመለስ ነው፤
ያንን ጠመዝማዛ ስንቴ እንዳቀናው!

የመጀመሪያው ሰሞን አበሳዬን አየሁ፤
ሌሊት በአስር ሰዓት ቆሞ አገኘዋለሁ፣
ጫማውን አጥልቆ፣ ቁልፍ ሲፈልግ በኪስ፤
«ተኛ እንጂ ቪንኮዬ፣ የለም እኮ አውቶቡስ!»
ቀን ቀን እግር በእግር ይመጣል ኋላዬ፣
ድስት መጣድ ሊያስተምረኝ በስተርጅናዬ።

አንድ ቀን መረረኝ። ዳንቴል ስሠራ ሳለ፣
የእናቴ ትራስ ላይ፣ «እሱ ምንድን?» አለ።
ምንድን ነው ይለኛል፣ አርባ ዓመት በቤቱ
ይሄ ሁሉ ቀሰም ሲንቋቋ በፊቱ!

«ና ቁጭ በል» አልኩት፤ «ሹፌር አይደለህ ወይ?
ቀኙን በግራው ላይ፣ ግራውን በቀኝ ላይ፣
ይኸው ነው ጥበቡ፤ አሻግር፣ ጠምዝዝ፣
ስፒሏ ጋ ስትደርስ ቀስ ብለህ ፍሬን ያዝ።»

መሪ ሲጨብጥ የኖረው፣ የሰፋው መዳፉ
ከክር ጋር ተጣላ፤ ጣቶቹ ተጠለፉ።
ስፒሉን ሰደበ፣ ትራሱን ሰደበ፣
ድመቷን አባሮ፣ ደግሞ አሰበ አሰበ፤
በሦስተኛው ሳምንት፣ ቃል ሳይወጣ ካፉ፣
ጣት የምታህል ጥብጣብ ታየች ከትራስ ጫፉ።
ጠማማ ናት። ሳቅሁ። እሱም አብሮ ሳቀ።
«መንገዱም ጠማማ ነው» ብሎ ተመጻደቀ።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሽርሽር ነው ሥራችን፤
የጡረተኛ ካርድ አለች በኪሳችን።
ተሳፋሪ ሆኖ፣ ከመስኮት ተጠግቶ፣
ቀኝ እግሩ ይረግጣል ኩርባ በሩቅ አይቶ።

አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«እዚህ ጋ አቁሜያለሁ፣ ክረምት ከበጋ።
በር ከፍቻለሁ፣ በር ዘግቻለሁ።
እዚያ ዛፍ ሥር ስንቱን ሰው አውርጃለሁ።
እኔ ግን፣
አንዲት ቀን፣
ወርጄ አላውቅም።»

ዝም አልኩ።
ደወሉን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

አውቶቡሱ ጥሎን ዳገቱን ሲወጣ
ሣሩ እስከ ጉልበት ነው፤ ምንም ሰው አልመጣ።
ቪንኮ ቆሞ ቀረ፣ እየመረመረ
የገዛ መንገዱን፣ ሲነዳው የኖረ።
«ለካ ወንዝ አለ» አለ፤ «ሞተሬ ሸፍኖት፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት እኔ መች ሰማሁት!»

ከዚያ ወዲህማ በሳምንት አንድ ፌርማታ፤
አንዱ ጋ የዱር እንጆሪ፣ አንዱ ጋ ጨዋታ፣
ጥርሱ ካለቀበት ከንብ አርቢው ጋራ፤
የቲኬት ዕዳውን ከፈለ፣ በማር እንጀራ።
አንዱ ጋ ምንም የለም፤ አጥርና ጭቃ፣
ተቀምጠን ዳቦ በላን፣ ዝናቡ እስኪያበቃ።
(እሱን ፌርማታ ነው እኔ የምወደው።
ለምን ብትሉኝ መልስ የለኝም፤ ወደድኩት፣ ይኸው ነው።)

ኔዣ፣ የልጄ ልጅ፣ ስድስቷን የያዘች፣
ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛው ጋ ከረመች።
እንጉዳይ ከመርዙ በዓይኗ ትለያለች፤
ኪሴ ያለ ብስኩት ግን በጆሮዋ ታገኛለች።

መንገድ በረዶ ሲዘጋው፣ ወራቱን በሙሉ፣
ሲያሻግር፣ ሲጠመዝዝ፣ ሲቆጥር በቃሉ፣
ቪንኮ አንድ ነገር ጨርሷል። አበባ አይደለም፤
እንዲህ ያለው ንድፍ በከተማው የለም፤
ነጭ ጥብጣብ ናት፣ ክንድ ተኩል የምትረዝም፣
ጠመዝማዛ ብቻ፤ ኩርባዋ አያልቅም፤
በየመካከሏ ቋጠሮ፣ ቋጠሮ።
«ስህተት ነው ወይ?» ብለው አየኝ ተማርሮ፦
«ፌርማታ ነው።»

የዳንቴል አስተማሪዎቼ ቢያዩት ያለቅሱ ነበር።
እኔ ግን የእናቴን ምርጥ ሥራ አነሣሁና
ጠረጴዛው ላይ እሱን ዘረጋሁት።

ትናንት ማታ ኔዣ፣ ሾርባዋ ሲበርድ፣
ጣቷን አውቶቡስ አርጋ ነዳች በዚያ መንገድ፤
እርርርር እያለች ዳገቱን ወጣችው፣
የስኳር ዕቃውን በጠባቡ አለፈችው።
ቪንኮ ማንኪያውን ይዞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፤
ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ፍሬን ሲረግጥ ይሰማኛል።

ያቺ የአጥርና የጭቃዋ ቋጠሮ ጋ ስትደርስ፣
እሱን ቀደምኩት፦

«ወራጅ አለ!»