የጠፋ ዕቃ

ሰኔ ነው። ሱቫልኪ ላይ ቢመሽም አልጨለመ፤
የትምህርት ዓመቱም ሊሰናበት ቆመ።
በወጥ ቤት ጠረጴዛ ሃያ ስድስት ፖስታ፣
ሃያ አምስቱ በገንዘብ፣ አንዱ በይቅርታ።
ገንዘብ ያዥዋ እኔ ነኝ። በመስከረም ጉባኤ
ፀጉሬን ላስተካክል እጄን ወደ ላይ ብልክ፣
"ሉድቪካ ፈቀደች!" ይኸው የሹመቴ ታሪክ።

ለመምህርት ግራዢና ምን ይገዛ ተባለ።
የቦሪስ አባት "ኩባያ" አለ። ኩባያስ ሞልቶ የለ?
ባለፈው እሑድ ገበያ፣ በአሮጌ ዕቃው መደዳ
"ለምርጧ መምህሬ" የሚል፣ ጆሮው ያልተጎዳ፣
በሁለት ዝሎቲ ሒሳብ ተሰልፎ አየሁ፤
ሻጯን ቀና ብዬ ሳይ እኔው ራሴ አፈርሁ።
የግራዢና እህት ናት።
እሷ ድንቹን አየች፣ እኔ ሰማዩን።

የኦሊቪያ እናት "ሽቶ" አለች። ሽቶ እኮ ነገር ነው፣
"ጠረንሽ ከብዶናል" ብሎ ሊተረጉም ይችላል ሰው።
አንዱ ሻማ፣ አንዷ ካርድ፣ አንዱ ቸኮሌት፤
"ስኳር የለባትም ወይ?" ይላል ሌላው በእኩለ ሌሊት።
ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጢንዚዛ ይሽከረከራል።
በስተመጨረሻ ተስማማን፦ እቅፍ አበባ፣ የቲያትር ትኬት ሁለት፤
ለርእሰ መምህሩ ማር፣
ለሾፌሩ ለዜኖን ፔርሙዝ፣
ለምግብ ቤቷ ለቪየስዋቫ ሻርፕ።
ከሥሩ መስመር አሰመርሁ። አበቃ።

ካሊና ጥርሷን ልትቦርሽ ስታልፍ ቆማ አነበበችው፤
በጣቷ ከላይ እስከ ታች ሁለቴ መለሰችው።
"ጌኖቬፋስ?" አለችኝ።
"ማናት ደግሞ እሷ?"
"ምድር ቤት ኮት የምትይዘው፣ ቁልፍ የበዛበት ኪሷ።"

አምስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ያንን በር ስገፋ
"እንዴት አደሩ" ያልኋት ሴት፣ ለካ ጌኖቬፋ።

"ምን አደረገችልሽ?" አልሁ።
ብሩሹን አፏ ውስጥ አዟዟረች። አረፋውን ዋጠች።
ከዚያ ግድግዳውን እያየች፣ የሰው ወሬ ይመስል፣ ጀመረች፦
"አንደኛ ክፍል እያለሁ፣ በረዶ የጣለ ቀን፣
ሱሪዬ ላይ አመለጠኝ። ደረጃ ሥር ተደበቅሁ። እዚያ አገኘችኝ።
'ምነው' እንኳ አላለች። በኮቷ ጠቀለለችኝ።
ሱሪዬን አጥባ ማሞቂያው ላይ እስክታደርቅ
ቁልፎቿን ሰጥታኝ ቆጠርሁ። አርባ አንድ ናቸው።
ለመምህሬ 'ሆዷን አሟት ነው' አለች።
ለማንም አልተናገረችም።
ላንቺም።"

ላንቺም።
ያን ዕለት ማታ ሱሪዋን ሳጥፍ
የሌላ ቤት ሳሙና እንደሸተተኝ
አሁን፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ትዝ አለኝ።

"ምን ትወዳለች?"
"እኔንጃ። ወንበሯ ብረት ነው።
በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ መጥቶ እሷ ላይ ነው የሚቀመጠው።"

ትራስ ሰፋሁ፣ ከአሮጌ የሱፍ ካፖርት፣ አረንጓዴ፤
ስሟን በቢጫ ክር ጠለፍሁ፤ ሁለቴ ተወጋ አውራ ጣቴ።
ፊደሉን እንዳልሳሳት ትምህርት ቤት ብደውል
ጸሐፊዋም "ቆዪ፣ መዝገብ ልይ" አለች።

በመዝጊያው ቀን አበባው ሁሉ ደረጃውን ወጣ፤
ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ግርግር፣ የካሜራ ብልጭታ።
እኛ ወረድን።
ጌኖቬፋ ከሰው እቅፍ የረገፈውን ቅጠል ትጠርጋለች።
ካሊና ጥቅሉን ዘረጋች፤ ቃል ግን አልወጣትም።
ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደገፈች፣
እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ተቀበለች፣
ወዲያው ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፣
ጎዶሎ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የአንድ እግር ጫማ
ባለቤት ወደሚጠብቁበት ሣጥን፦
"የማን ነው? ማን ጣለው?" አለች።
"ግድ የለም፣ እስኪመጡ አስቀምጠዋለሁ።"

"ስም አለበት" አለች ካሊና።

መነጽሯን ከአርባ አንዱ ቁልፍ መሃል መፈለግ ጀመረች።