ስድስተኛዋ

የሞንታና በረዶ ጋራዡን እስከ ወገብ ውጦ፣
አባቴ ሃልቮር ከዘይት በርሜል ላይ ተቀምጦ፣
ሦስት ማጥበቂያ በጨርቅ ወልውሎ ደረደረ፤
«ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ሶልቬግ» ብሎ ጀመረ።

ጣቶቹ እንደ ጥድ ሥር ከተቆላመሙ
ሁለት ክረምት ሆነ፤
እጁ እኔ ነኝ አሁን። የሱ ድርሻ ማዘዝ፣ የሱ ድርሻ ሕመሙ።

ነገሩ የመጣው ባለፈው መስከረም፣
ከእንጆሪው ጥሻ ድብ ብድግ ስትል ነው፣ እኛም ቀጥ ስንል፣ እሷም ስትቆም።
አራቱን ወደ ሰማይ ለቀቀ፤
አምስተኛው ላይ ስድስት ጎራሹ ደረቀ።
ከበሮው አልዞርም፣ ምላጩ አልሳብ ብሎ፤
ድቧ ናት የማረችን፤ እኛማ ማን ችሎ!

ቤት ገብተን ስናየው፣ የአንዷ ጥይት እርሳስ
ከቀለሁ ሾልኮ ወጥቷል፣ እንደ ኤሊ ራስ።
ሌሎቹ ሲተኮሱ፣ በርግጫው፣ በንዝረቱ፣
የቀለሁ ከንፈር አልያዘውም፤ ይኸው ነው ምክንያቱ።

የመጀመሪያው ማጥበቂያ ከመጭመቂያው ጋር የመጣው፣
እርሳሱን ሲከት ከንፈሩንም አብሮ ሊያጥፍ የሚቃጣው፤
ባንድ ምት ሁለት ሥራ! እርሳሱን ይልጠዋል፣ የቀለበት ፍቅፋቂ ትቶ፤
አንዳንዴም ቀለሁ ይጎብጣል፣ ወገቡ ላይ ሆድ አውጥቶ።

ሁለተኛውን ያዋሰን ጎረቤታችን ሮስኮ፤
«ሃያ ዓመት አላሳፈረኝም» ይላል፣ በሩ ላይ ተደግፎ፣ ትምባሆውን አላምጦ፣ አልኮ።
አይዋሽም። ግን የሱ ሽጉጥ ባለ ካርታ ነው፣
በቀለሁ ከንፈር ጫፍ ቆሞ የሚተኩሰው፤
ይሄም አንገት ያጠባል እንጂ፣ እንደ ካልሲ ላስቲክ፣
ከንፈር አያጥፍም።
(ሮስኮ ፊት ይህን አላልንም።)

ሦስተኛው ትናንት ከዱዌይን ሱቅ የገዛሁት፣
የወር የነዳጅ ሒሳቤን ያስረከብኩበት፤
አንድ ሥራ ብቻ ያውቃል፤ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ማጠፍ፣
በእርሳሱ ወገብ ዙሪያ ባለችው ቦይ ጫፍ።
እኔም አበዛሁታ! ጠመዘዝኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ እስኪያቅተኝ፤
ቀለሁ አብጦ ከበሮው ውስጥ አልገባም አለኝ።
አባቴ ሳቀ። «ያዢው አልኩ እንጂ፣ እነቂው አልኩሽ?
ሩብ ዙር መልሺ። አሁን ትንሽ። ትንሽ አልኩሽ!»

ከዚያ «ምርጫ በወሬ አይሆንም» አለ፣ «መለካት ነው።
ከየማጥበቂያው ስድስት ስድስት ሥሪ፤ ስድስተኛዋን በካሊፐር ለኪያት፤
አምስቱን ተኩሺ፣ እሷን ግን አትንኪያት።
ምስክሯ እሷ ናት፤ ያልተተኮሰች ናት።»

ከጓሮ ወጣሁ፣ ወደ አፈሩ ቁልል።
እስከ አምስት ስቆጥር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ በስማቸው ነው የምቆጥረው፦
አንድ፣ አርቪድ፤ ዱሉዝ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ የቀረ።
ሁለት፣ ቶራ፤ የስፖኬን ስልኳ ሁልጊዜ የተያዘ።
ሦስት፣ ሲግን፤ መነኩሲት።
አራት፣ ኢቨር፤ ለገና ካርድ እንኳ የማይጽፍ፣
አባቴ ግን ጥርሱን ሲፍቅ በሱ ዜማ የሚያፏጭለት።
አምስት፣
ኑት። በመጋቢት፣ ሐይቁ ላይ በረዶው የከዳው።

ስድስት ብዬ አላውቅም።

ድምፁ ከገደሉ ተላትሞ ሲመለስ፣ ከበሮውን ከፈትኩ፤
ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣ ሦስቱንም በየተራ ለካሁ።
በሮስኮው ጥፍር ያህል ፈቀቅ ብላለች፤
በአሮጌው ፀጉር ያህል፤
በአዲሱ ባለችበት አለች።

«ስንት ሄደች?» አለኝ። ጆሮው ስለማይሰማ ጮህኩ፦ «ምንም!»
«ምን?»
«ምንም አልሄደችም!»
ዝም አለ። ማሞቂያው አጉረመረመ።
ከዚያ ወደኔ ሳያይ፣ ለመጭመቂያው የሚነግር ይመስል፣
«አምስቱም አጠገቧ ጮኸው» አለ፤ ቀጥሎም አልተናገረ።

እኔም ፕላስተር ቀድጄ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦
«አዲሱ። ሩብ ዙር መልስ። ከዚያ ትንሽ።»
የሮስኮን ማጥበቂያ በጨርቁ ጠቀለልኩ፣ ነገ እመልሳለሁ።
ስድስተኛዋን ግን ከሌሎቹ ጋር ሳጥን አልከተትኳትም፤
መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከጠመዝማዛ ብሎኖቹ አጠገብ አቆምኳት፣
ድንቹን ልልጥ ገባሁ።