አስራ አራት ስልክ ቁጥር

ከመብራት ሂሳቡ፣ ከወረቀቱ ጀርባ
አስራ አራት ቁጥር በሰማያዊ ቀለም፤
ብሮና የጻፈችው ፀሐይዋ ስትገባ፤
ግማሹ ሞልቷል ነው፣ ግማሹ ሰው የለም።

የመንግሥቱ ወረፋ ሠላሳ አንድ ወር ነው፤
ካሃል ሦስት ዓመት የሞላው ባለፈው ጥር ነው።
ደምረው እስቲ አንተ፤ እኔ ደምሬዋለሁ፣
መንገድ ዳር አቁሜ በጣት ቆጥሬዋለሁ፤
ተራው እስኪደርሰው የፊት ጥርሱ ይወልቃል፣
የወተት ጥርስ ደግሞ ወረፋ መች ያውቃል?

ሥራዬ ቦቴ ነው፤ በማዮ መንደሮች
ከየበረቱ ወተት ስቤ እጭናለሁ፤
ፓምፑ እስኪጨርስ ባሉኝ ደቂቃዎች
ጎማ ተደግፌ ስልክ እደውላለሁ።

«ስንት ቃላት አለው? ጣቱን ይቀስራል?
ስሙን ሲጠሩለት ፊቱን ያዞራል?»
«አይ» እላለሁ እኔ። «አይ።» «አይ።» «እሱም ገና።»
ዝናቡ ባንገቴ ይገባል እንደገና።
ወረቀቱ «ኦቲዝም» ይላል።
ካሃል ምንም አይልም።

በዘጠነኛው ቁጥር አንድ ሰው አነሣ፣
ድምፁ ማር የተቀባ፣ ምላሱ የማይሳሳ፦
«በአስራ ሁለት ሳምንት ልጅዎ ይድናል፣
ግማሹን ቀድመው ነው፤ ዛሬውኑ ይሆናል?»
«ከምኑ ነው 'ሚድነው?» ብለው ዝም አለና
ዋጋውን ቀነሰ።

ዘጋሁበት። ግን ልዋሽ አልፈልግም፣
ብሮና ስትተኛ እኔ አልተኛሁም፤
እስክሪብቶ ይዤ ያን ቁጥር አልሰረዝኩም።

አስራ ሦስተኛዋ ዴርቭላ ትባላለች፤
«በሁለት ሳምንት አንዴ ሐሙስ አለኝ» አለች።
ከፋርማሲ በላይ፣ ደረጃው የሚንቋቋ፣
የሰዓት ከሩብ መንገድ፣
ለሰዓቱ ዘጠና አምስት ዩሮ፣ በዕለቱ የሚከፈል።
ጀልባዬ ጓሮ ናት፤ ዶሮ ሰፍሮባታል፣
ሞተሯን ጎረቤቴ ኢንዳ በርካሽ ገዝቷታል።

ካሃል እንደገባ ከጠረጴዛው ሥር ሆነ።
ዴርቭላም ተከትላ ወለሉ ላይ በጎኗ ተኛች፤
ፀጉሯ ምንጣፉ ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ።
አንድ ቃል የለም። አርባ ደቂቃ።
ግድግዳው ላይ ሰዓት፤ እኔ ስሌት ላይ ነኝ፤
በደቂቃ አንድ ዩሮ ከሃምሳ ስምንት ሳንቲም
ዝም ለማለት ነው ወይ ይህን ያስከፈሉኝ?
ዝምታስ ቤታችን በነጻ ሞልቶናል!

ከዚያ ከወለሉ ቀና ብላ አየችኝ፤
«ምን ይወዳል?» አለችኝ።

አስራ አንድ ገጽ ፎርም ሞልቻለሁ በእጄ፣
በየበሩ፣ በየስልኩ፣ በየሐኪሙ ደጄ ጠንቼ፣
ሰው ሁሉ የጠየቀኝ የማይችለውን ነበር።
ምን ይወዳል ያለኝ አንድም ሰው አልነበር።
አፌ ደረቀብኝ። መልሱን አጥቼ አይደለም፤
መልሱ ሲጠብቅ ኖሮ
መውጫው ጠፍቶት ነው።

«የወተቱን ፓምፕ» አልኳት። «ሲያጉረመርም።
ጉንጩን ከቱቦው ላይ ለጥፎ ይሰማል፤
ሲቆም ግን እግሬን ይደበድባል።»
«በሚቀጥለው ሐሙስ ያን ድምፅ ይዘህልን ና» አለች፣
ማስታወሻዋ ላይ ፓምፕ ብላ ጽፋ ከሥሩ አሰመረች።

ዛሬ ሰባተኛው ሐሙስ ነው። ተአምር አልመጣም።
እናቱን በስሟ አንድ ቀን አልጠራም።
የመብራት ሂሳቡ ጀርባው ሲያባክነን
ፊቱን ረስተነው ቀይ ማስጠንቀቂያ መጥቶልናል።

ግን ዛሬ፣ በስልኬ የቀዳሁት ድምፅ ሲያልቅ፣
ካሃል እጄን አላራገፈም፣ እግሬን አልመታም፤
ከአምስቱ ጣቶቼ አመልካቿን መረጠና፣
እንደ በር ቁልፍ ይዞ
ከስልኩ ላይ አሳረፋት፤
ጠበቀ።
ፊቴን አየ፤
ልክ አንድ ብልጭታ የምታህል ጊዜ፣ ግን አየ።

«ይሄ ጥያቄ ነው» አለች ዴርቭላ በሹክሹክታ፣
እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንዳትቀሰቅስ ያህል።

ስንመለስ ብሮና ነዳች፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ ከሱ ጎን።
ዝናቡ መስታወቱን ይጠርጋል፣ ፓምፑ በኪሴ ያጉረመርማል።
እስከ ቤታችን ድረስ
ሃያ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።