ባልዲ በደመና

በካስትሮ ከተማ ዝናቡ ሳይገታ፣
ቤቶቹ በእንጨት እግር ባሕር ላይ በተርታ፣
የኤውፌሚያ ጣሪያ ማንጠባጠብ ጀመረ ከትናንትና ማታ፤
አንድ ባልዲ ከሥሩ ደቀነች በዝምታ።

እኔ የምፈልገው ሌላ ባልዲ ነበር፣
ወለል ላይ የማይቆም፣ ከደመና ሰፈር፣
አራት ሺህ ፊት ቢቀዱት አፉን የማይቋጥር።

አባቷ ዶን ሊሳንድሮ የፎቶ ሰው ነበሩ፤
ሙሽራን፣ ሟችን፣ ሕፃንን መስታወት ላይ ያስቀሩ።
ሻጋታ ገባባቸው፣ ፊታቸው ተዥጎረጎረ፤
ሰርቨሬ ግን ያጥባል፣ ጠርዙን እየከረከመ፣ እያሳመረ።
ጨለማውን ይገፋል፣ ጭረት ይደፍናል በጥሞና፤
የማን ልጅ እንደሆነች ግን አይጠይቅም፤ ማሽን ነውና።

ማጠቡስ ሠመረ። መላኩ ነው ያቃተው።
ቁልፉን ጻፍሁ፤ ቁልፉን ደገምሁ፤ ፊደሉ ሁሉ ልክ ነው።
«ፈቃድ የለህም» አለ ደመናው፤ «ተከልክሏል»።
የባልዲውን ስም አረምሁ፣ ደግሜ ላክሁ፤ «ተከልክሏል»።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። እንዲህ ያለ ዘበኛ አላውቅም፤
ምልጃ አይሰማ፣ ጉቦ አይበላ፣ «ነገ ና» እንኳን አይልም።

ኤውፌሚያ ሻል ደርባ ባልዲዋን ልትደፋ መጣች፤
ከስክሪኑ ጥግ ሰዓቱን፣ ከእጇ ሰዓቷን አየች።
«ይሄ ማሽን» አለችኝ፣ «ዘግይቷል አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።»
ቁልፍ ስፈትሽ ያደርሁት፣ ለካ ሰዓት ነው፤ በቃ!
ጊዜው ያለፈ ማኅተም ለደመና የሌባ ነው፤
እኔም ሌሊቱን ሙሉ በትናንት እጅ ነው ያንኳኳሁት።

ሳቀች። «የአባቴም ሰዓት እንዲሁ ነበር፣ ኋላ ቀር፤
ሆን ብሎ ነው ያዘገየው፣ ግድግዳው ላይ ሲያኖር፣
ከደሴት በጀልባ መጥታ ቀሚሷ የራሰ ሙሽራ
ቀና ብላ ‹ደረስኩ› እንድትል፣ ፊቷ እንዲበራ።»

ሰዓቱን አስተካከልሁ። አሥራ ዘጠኙ ደቂቃ ወዴት ሄደ?
አልጠየቅሁም። አረንጓዴው መስመር ተራመደ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ዘጠኝ…
                    ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ጫፉ የረጠበ ቀሚስ፣
ፈገግታዋ ገና መንገድ ላይ፣ ከትንፋሿ ጋር ሊደርስ።
«ይቺን አታጥባት» አለች፤ «ጭቃው እንዳለ ይቅር።»
ማሽኑ «ጉድፍ» ብሎት ነበር፤ ትእዛዙን ሰረዝሁ ሳልከራከር።

ከነጭቃዋ ወጣች። ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ምናምን ይቀራል።
የወለሉ ባልዲ ግን፣ ማን ይድፋው? ሞልቷል።