በጥርስ መስማት

ሪዮኒ ወንዝ ጎርፎ ድልድይ በሚልስበት፣
ኩታይሲ ዳርቻ፣ ቆርቆሮ በለበሰች ቤት፣
ቫርላም ሽቦ ይጠመጥማል። ጆሮው አይሰማም።
በር ብታንኳኩ እጃችሁ ይደክማል እንጂ እሱ አይመጣም፤
ገብቶ ጠረጴዛውን መደለቅ ነው በጡጫ፣
ያኔ ቀና ይላል፣ ትቶ የሽቦ መቋጫ።

ሞተሩን ያመጣሁት በድንች ከረጢት፤
ከሽቦ ሥር ሲሮጥ ኖሮ ከቆመ አውቶቡስ ሆድ የወጣ አንጀት፣
ሠላሳ ዓመት በበረዶ የራሰ እግር ሲያሞቅ የኖረ።
ብረት ሻጩ ሚዛን ላይ ሰቅሎት ዋጋ ቆጠረ፦
«ስድስት ኪሎ። መዳቡን ብታቀልጪ ታተርፊያለሽ፤
ቢዞርልሽ ደግሞ፣ እሰየው፣ ዕድል አለሽ።»

ቢዞርልኝ በቆሎ ሊፈለፍል ነው።
የእናቴን አውራ ጣት የጨረሰው በቆሎ ነው።

ቫርላም ምንም አልጠየቀ። ዘንጉን በሁለት ጣት
ዞር፣ መለስ አረገው፣ እንደ ወጌሻ፣ በትዕግሥት።
ዞረ፤ ቅቤ ውስጥ እንደሚዞር ጣት።
ደስ አለኝ። እሱ ግን ፊቱን አላፈካ፤
ገር መሆን ብቻውን ምስክር አይሆንም ለካ።

ሁለቱን ሽቦዎች ገፈፈ፤ ጫፍና ጫፋቸውን አቆላለፈ፤
ዘንጉን ደግሞ ያዘ፣ ደግሞ ገፋ።
እምቢ አለ።
ማር ውስጥ እንደ ገባ ማንኪያ ከበደ፣
በገፋው ልክ እየገፋው ሄደ።
ቫርላም ሳቀ፣ ባንድ የወርቅ ጥርሱ። ጠመኔም አነሳ፣
ጣውላው ላይ ጻፈ፦ «ይቃወማል። አልሞተም እኮ ይኼ እንስሳ።»

ቀጥሎ ቴስተር። አንዱን ጫፍ ከጥምጥሙ፣ አንዱን ከቀፎው፤
መርፌው ንቅንቅ አላለም። ደግ ነው፤
የውስጡ ምስጢር ወደ ቆዳው አልፈሰሰም።
ከዚያ በጥፍር ስፋት እያዞረ ቆጠረ፣ አልተነፈሰም፤
አሥራ ሰባተኛዋ የመዳብ ምላስ ላይ መርፌው ወደቀ።
ቫርላም አንገቱን ነቀነቀ።
ካርቦኑ አልቆ ጉቶ ሆኗል፤ ምላሷም ጥቀርሻ ለብሳለች።
በተሰበረ ሴጌቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ሰዓት አለፈች።
ከሌላ ሞተር ሬሳ ትልቅ ካርቦን አምጥቶ
ሞርዶ ሰካው፣ ለጠባቧ ጎጆ አሳንሶ፣ ገርቶ።

ባትሪውን ግን ፊት ለፊት አላስነካም፤ ዋስ ጠራ፦
የጭነት መኪና አምፖል፣ መሀል ገብታ የምትሠራ።
አምፖሏ ቦግ አለች፣ ጥፋቱ ሁሉ በእኔ እንዳለች፤
ሞተሩ እየፈጠነ ሲሄድ፣ እሷ እየደበዘዘች፣
ዋሷ ነፃ ወጣች።

ያን ጊዜ ካቻቪቴ አንስቶ፣ ጫፉን ኩሽኔታው ላይ ተክሎ፣
እጀታውን ነከሰ። ዐይኑን ጨፈነ፣ ጎንበስ ብሎ።
ሞተሩ በጥርሱ ገብቶ፣ በመንጋጋው ሲያልፍ፣
አየሁት ግንባሩ ላይ ሲጽፍ።
የፊተኛውን ኩሽኔታ ወደደው።
የኋለኛውን ሲነክስ ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ጠመኔ ጠየቀ እጁ፦
«የኋላው አሸዋ ይቆጥራል። ግሪስ እቀባዋለሁ።
ሁለት መኸር ይበቃዋል፤ ሦስተኛውን እንጃ።»
ከሥሩ ደግሞ ጻፈ፦ «ለጆሮስ እንዴት ነው?»
ጠመኔውን አቀበለኝ።

«እንደ» ብዬ ጀመርኩ።
ንብ? አይደለም። ዝናብ? እሱም አይደለም።
ከ«እንደ» በኋላ ያለው ጣውላ ባዶ ቀረ።

እጀታውን በሸሚዙ ጠርጎ ሰጠኝ።
ነከስኩ። ብረት ብረት አለኝ፤ ዘይት ዘይት አለኝ።
የኋላው ኩሽኔታ፣ እውነትም፣
አሸዋ ይቆጥራል።