ሦስት ዝምታ

በረዶ በዋጣት በኦውሉ ከተማ፣
ከሆስፒታሉ ሥር፣ ከምድር ቤት ጨለማ፣
ሁለት ሣጥን አለ ባንድ መደርደሪያ፤
አንዱ በር ጠባቂ፣ የመልእክት ማለፊያ፣
ሁለተኛው ሥራ የለው፤ ጆሮ ብቻ ነው፤
የወንድሙን ትንፋሽ ሌት ተቀን ሚቆጥረው።

ክንድ በማትሞላ በቢጫ ገመድ ላይ
«አለህ ወይ?» «አለሁ።» «አለህ ወይ?» «አለሁ።»
በየሰከንዱ ነው ይኼው ሰላምታ።
ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው እዚህ ቢቀጠር
በመጀመሪያው ሌሊት ይባረር ነበር።
ሕጉ እንዲህ ይላልና፦
አንዴ ዝም ቢል፣ ታገሥ፤
ሁለቴ ዝም ቢል፣ ታገሥ፤
ሦስተኛው ግን ሞት ነው፤ አታልቅስ፤
ስሙን ውሰድ፣ አድራሻውን ልበስ፣
በሩ ላይ ቁም።

ቱሊኪ ተረኛ በሆነችበት ሌሊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣
የወለል መጥረጊያው ማሽን ከመደርደሪያው ኋላ
ሲያልፍ ገመዷን ነካት። አልበጠሳትም።
ላላች ብቻ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ተተኪው «ሞተ» ብሎ ስሙን ወርሶ ቆመ፤
ያኛው መች በሩን ለቀቀ? መችስ ደከመ?
ሁለቱም ጤነኛ፣ ሁለቱም እርግጠኛ፣
ባንድ ስም ሁለት ሰው፣ ባንድ በር ሁለት ዘበኛ።
አራተኛ ፎቅ ላይ ሐኪሙ ይጠብቃል፤
የደሙ ውጤት ግን
እዚህም እዚያም ተጠርቶ መሃል ላይ ይጠፋል።

ሹራቧን ደርባ ደረጃውን ወረደች፤
ሁለት አረንጓዴ መብራት አየች።
አንዱ ቀይ ቢሆን ይቀላት ነበር።
የሞተን መቅበር ማንም ያውቃል፤
መመሪያው ግን፣ ሁለት ሕያው ካየህ
አንዱን ግደል ይላል።
ደህና ይተነፍስ የነበረውን፣ ምንም ያላጠፋውን፣
የቀድሞውን፣
ሶኬቱን ነቀለች።
ማራገቢያው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ
ቆመ።
ላይ ቤት ውጤቱ ደረሰ።

ጧት (በዚያ አገር ክረምት ጧት የሚባለው ሰዓቱ ብቻ ነው)
ቤቷ ስትደርስ የጎረቤቷ የኦይቫ መጋረጃ አልተከፈተም።
ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው። ውላቸው ይኼ ነው፦
መጋረጃ ተከፈተ ማለት፣ አለሁ።
በረዶውን ከጫማዋ አራገፈች። አንድ።
ቁልፏን ፈለገች። ሁለት።
ሦስት ልትል ስትል ተወችው፤
በሩን በጡጫ መታች።
ከረጅም ዝምታ በኋላ የነጠላ ጫማ ድምፅ፣ ሳል፣ ከዚያ ስድብ፦
«ሰው አይተኛም እንዴ? አለሁ አልኩሽ!»

ቤቷ ገብታ ከነሹራቧ ወደቀች፤
የራሷን መጋረጃ ረሳች።
በአስር ሰዓት
በሯ በከዘራ ተደበደበ።