ኳሷ የት ናት?

አርባ ዓመት ሙሉ በራምስክሎው ሬድዮ ኳስ አስተላለፍሁ፤
ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ፣ ቃል ሲያልቅብኝ የድሮ ሐረግ ዘረጋሁ።
«ኳስ ድቡልቡል ናት»፤ «ጨዋታው ገና ነው»፤
«መቶ አሥር በመቶ ነው ልጁ የሰጠው»።
አሥሯን ከየት አመጣት? ከማን ተበድሮ ነው?
ማንም አልጠየቀኝ፤ ለካ ሁሉም የሚያውቀው
ማንም የማይሰማው ነው።

«በወረቀት ላይ እኛ እንበልጣለን» ብዬ
ሜዳ ላይ አራት ለዜሮ ቆጠርኩ፣ ፊቴን በማስታወሻዬ ከልዬ።
ጡረታ ስወጣ የእጅ ሰዓት ሸለሙኝ፤
«ዞሮ ዞሮ ኳስ ነው» ብለው ከጀርባው ቀርጸው
የገዛ ቃሌን መልሰው አሰሩልኝ።

በነሐሴ ክለቡ ዳግመኛ ጠራኝ፤
ከምዕራቡ ትሪቡን፣ ቆርቆሮው ከሚያፈስበት፣ ከዶሪን ጎን አስቀመጠኝ።
ዶሪን ዓይኗ አያይም። ሠላሳ ዓመት አልፎታል።
ወንድሟ ኸርበርት ክንዷን ይዞ፣ ደረጃውን እየቆጠረ ያመጣታል፤
የሻይ ፔርሙዟን አቅፋ፣
የጆሮ ማዳመጫዋን ከሱፍ ኮፍያዋ ሥር ለጥፋ፣
ትጠብቃለች።

እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ፦
«ድባቡ ልዩ ነው! ሁለቱም ለሦስት ነጥብ…»
    «ኳሷ የት ናት?» አለች።
«ዌስሊ ዛሬ የተለየ ቀን ላይ ነው…»
    «ልደቱ ነው? እንኳን አደረሰው። ኳሷስ?»
«ያገኘውን ዕድል አልተጠቀመበትም…»
    «ምን አገኘና?»
ዝም አልኩ። ሜዳውን ያን ቀን አየሁት ገና።

«ኳሷ… ከግራ መስመር፣ ጭቃው ዳር፤ የዌስሊ አንድ ካልሲ ወርዷል፤
ቀይ ፀጉሩ ተከላካይ ክንድ ያህል ርቆ እጁን ዘርግቷል።
ዌስሊ ዓይኑን ወደ መሃል ጣለ፤ እግሩ ግን ወደ ውጭ ነው የሄደው፤
ቀዩ ተታለለ፣ ተንሸራተተ፣ ሣሩን በመቀመጫው ጠረገው!»
ዶሪን ሳቀች። ሻይዋ ተደፋ ጉልበቴ ላይ።
አርባ ዓመት አውርቼ፣ ያን ቀን ነው ሰው ያየሁት ሲያይ።

ማታ መጠጥ ቤት ግን ያው ነው፤ ቢራው ሳይቀዳ ወሬው ይቀዳል፦
«ዳኛው ነው የሸጠን!» «ኳስ እንደሆን ድሮ ቀርቷል!»
የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ «አሠልጣኙ ይባረር» ብሎ ይጽፋል፤
ባለፈው ቅዳሜ «ሐውልት ይቁምለት» ያለው ጣት እሱው ነው፣ መች ያፍራል?
አልፈርድም። እኔም ከዚያው ጉድጓድ ነው የቀዳሁት፣
አርባ ዓመት ሰውን ያጠጣሁት።

የካቲት ላይ ኸርበርት ሞተ።
ከመቃብሩ በር፣ ነፋሱ ጃንጥላ እየገለበጠ፣
ስለ ጭቃና ስለ ካልሲ የተማርኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ፤
«ዞሮ ዞሮ፣ ዶሪን…» አልኩና አፈርኩ፤ ሐረጉ ሳያልቅ ተደፋ።
እጄን ያዘች። «ጨርሰዋ» አለችኝ፤ «እሱም ይወደው ነበር፤
በሬድዮው ዘመንህ ሻይ እየቀዳ አብሮህ ይለው ነበር።»
ጨረስኩት።

በቀጣዩ ቅዳሜ በእኔ ክንድ ደረጃውን ቆጥራ ወጣች፤ ሠላሳ አራት።
«ከጎኔ ማን አለ?»
«ማንም። ወንበሩ ትንሽ ውሃ አቁሯል፣ ጣሪያው ሲያንጠባጥብበት።»
ራሷን ነቀነቀች። ቆየት ብላም፦ «ኳሷስ የት ናት?»

«ከአጥሩ አልፋ ቦዩ ውስጥ ገብታለች።
ሽማግሌው መረቡን በረጅም ዘንግ ሰድዷል፤ ገና አልደረሰባትም።
ሃያ ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።
ቀስ እያለች… ወደ ዳር እየመጣች ነው።»